የተማርነውን ለምን እንረሳለን?

ለዘመቻ በተመደብኩበት የገጠር ጣቢያ የማታው ትምህርት የሚሰጠው በአንድ ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። ፋኖሱን ምሰሶው ላይ እንሰቅለዋለን። ተማሪዎቼ ሠላሳ ያህል ሲሆኑ ብዙዎቹ የእናትና የአባቴ እኩዮች፣ ሁለት ሦስቱ ደግሞ አያቶቼ ሊሆኑ የሚችሉ ነበሩ። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ስለ ገባሁ ብቻ ማስተማር የማውቅ መስሎኝ ነበር። «ሀ በሉ» እላለሁ፤ «ሀ» ይላሉ። «ሁ በሉ» እላለሁ፤ «ሁ» ይላሉ። የመጋዘኑ ቆርቆሮ እስኪያስተጋባ ድረስ እንጮሃለን። በሦስተኛው ሳምንት ሁሉም ከሀ እስከ ፐ ሳይደናቀፉ ይወርዱት ጀመር። እኔም «የእኔ ክፍል ፊደል ጨረሰ!» ብዬ ለዘማች ጓደኞቼ ጉራዬን ነዛሁ።

አንድ ማታ ከኋላ የሚቀመጡ አንድ አባት «ልጄ፣ እኔ እኮ ዜማውን ነው እንጂ መልኩን አላወቅሁትም» አሉኝ። ነገሩ ስላልገባኝ በፊደል ገበታው ላይ «ሩ»ን በዘንግ ነካሁና «ይህ ማነው?» አልኳቸው። ጣታቸውን እያጠፉ ከ«ሀ» ተነስተው በለሆሳስ ወረዱ፤ ስድስተኛው ረድፍ ላይ ሲደርሱ «ሩ!» አሉ። ትክክል ነው። ወዲያው ያንኑ ፊደል ለብቻው ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። አሁን የሚቆጥሩበት ገበታ የላቸውም። ዝም አሉ። ሌሎቹንም ጠየቅሁ። አብዛኛው ሰው ዝም አለ። ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያስተማርኩት ዘፈን ኖሯል!

ይህን አስተካክለን ደህና መንገድ ከያዝን በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ሰዉ ስሙን መጻፍ እንደ ቻለ የአረም ጊዜ ደረሰና ትምህርቱ ለአንድ ወር ያህል ተዘጋ። ስንመለስ አንዲት እናት ክፍሉ ውስጥ ሳይገቡ በር ላይ ቆመው ጠሩኝ። በመካከሉ ማዳበሪያ ለመውሰድ ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሄደው ኖሯል። «ስሜን አምስት ፊደል ነው ብለህ አስተምረኸኝ አልነበር? ሁለቱን ጻፍኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ጠፋብኝ። ሰው ከኋላዬ ተሰልፏል። አፈርኩና አውራ ጣቴን ሰጠሁ። ያረጀ ራስ ወንፊት ነው ልጄ። እኔንም አታድክመኝ፣ አንተም አትድከም» አሉኝና ሄዱ።

ይህ ንግግር ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ። እውነት ራሳቸው ወንፊት ሆኖ ነው? ወይስ ያስተማርኩበት መንገድ ነው ወንፊቱ?

ነገሩ የእኒያ እናት ብቻ አይደለም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ፊደል ቆጥሯል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ግን የሚያነበው አጥቶ፣ የሚጽፍበት ምክንያት አጥቶ፣ ወደ አውራ ጣቱ የተመለሰው ጥቂት አይደለም። ድኅረ መሠረተ ትምህርት የሚባለው ሥራ የታሰበውም ለዚሁ ነው። እንግዲህ የመርሳትን ጠባይ ሳናውቅ ከመርሳት ጋር መታገል አይቻልምና መጀመሪያ ጠባዩን እንየው።

መርሳትን በቁጥር ለመለካት ከተነሱት ሰዎች የመጀመሪያው ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል የጀርመን ሊቅ ነው። ሙከራውን የሠራው በሌላ ሰው ላይ አይደለም፤ በገዛ ራሱ ላይ ነው። እንደ «ዞፍ»፣ «ጌብ»፣ «ሩክ» ያሉ ምንም ትርጉም የሌላቸው ድምፆች ደርድሮ ያለ ስሕተት እስኪወጣቸው ድረስ ይሸመድዳል። ከዚያም ጥቂት ጊዜ ይተዋቸውና ያንኑ ዝርዝር እንደገና ያጠናል። በሁለተኛው ጊዜ ምን ያህል ድካም እንደ ቀነሰለት ይለካል። ያገኘውን እ.ኤ.አ. በ1885 በመጽሐፍ አሳተመው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሲመለስበት የቀነሰለት ድካም 58 ከመቶ ያህል ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ 44 ከመቶ፤ ከአንድ ቀን በኋላ 34 ከመቶ ገደማ፤ ከስድስት ቀን በኋላ 25 ከመቶ፤ ከ31 ቀን በኋላ 21 ከመቶ። እ.ኤ.አ. በ2015 በሆላንድ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ያንኑ ሙከራ ደግመው ሠርተው ተቀራራቢ ውጤት አግኝተዋል።

እነዚህን ቁጥሮች ልብ ብለን እንመልከታቸው። ሰውዬው ሙከራውን ሲጀምር ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ትምህርቱን የጨረሰ ሊቅ ነው። ራሱ አላረጀም። ሆኖም ከተማረው የሚበዛው የጠፋበት በመጀመሪያው ቀን፣ እንዲያውም በመጀመሪያዋ ሰዓት ውስጥ ነው። ስለዚህ መርሳት የደደብ ወይም የሽማግሌ በሽታ አይደለም፤ የሁሉም ሰው አእምሮ ጠባይ ነው። ሌላው ነገር ደግሞ ያጽናናል። መጀመሪያ በሩጫ የሚሄደው መርሳት እያደር ያዘግማል። ወር አልፎም 21 ከመቶው እዚያው ቆሞ ነበር። የጠፋ የሚመስለን ነገር ጨርሶ አልጠፋም ማለት ነው። እኒያ እናት አምስቱን ፊደል እንደገና ቢማሩ ድካማቸው እንደ መጀመሪያው ቀን አይሆንም። ይህን ግን ማን ነገራቸው? እኔም ራሴ አላውቅም ነበር።

በሌላ በኩል እኒህ «ራሴ ወንፊት ነው» የሚሉ እናት ምን ምን እንደሚያስታውሱ ብትሰሙ ትደነቃላችሁ። የላሞቻቸውን ትውልድ ከነእናታቸው፣ ከነአያታቸው ይቆጥሩታል። ከሁለት ዓመት በፊት ደቦ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን ምክንያት እንደሰጠ ያውቃሉ። ማን ስንት ቁና እህል እንደተበደራቸው ወረቀት ሳይዙ ይናገራሉ። ይህ የወንፊት ሥራ ነው እንዴ? ልዩነቱ ይኸውና፦ ላሞቹን በየማለዳው ሲያሰማሩ ይጠሯቸዋል። ብድሩን በየገበያው ቀን ያነሱታል። እውቀቱ በየጊዜው ከውስጥ ወደ ውጭ ይወጣል። ስማቸውን ግን እኔ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አዩ፣ አይተው ገለበጡ፣ ከዚያ ወር ሙሉ አንድም ቀን አልነኩትም።

የእግር መንገድን አስቡ። ሰው ሲመላለስበት መሬቱ ይጠነክራል፣ በጨለማም ይገኛል። ሰው ሲተወው ግን አንድ ክረምት ይበቃዋል፤ ሣር ይውጠዋል። በአእምሯችን ውስጥም መንገዱ የሚጠረገው ነገሩን ፈልገን ባወጣነው ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ማንበብና መልሶ ማንበብ መንገዱ ላይ መመላለስ ይመስለዋል። አይደለም። ደጋግሞ ማንበብ መንገዱን ከሩቅ ሆኖ እንደማየት ነው።

ይህን በደንብ ያሳየ ሙከራ አለ። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ አገር ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሁለት አጫጭር ጽሑፎች ተሰጧቸው። አንደኛውን ሁለት ጊዜ አጠኑት። ሁለተኛውን ግን አንድ ጊዜ ብቻ አጥንተው፣ ጽሑፉ ከተወሰደባቸው በኋላ ያስታወሱትን በባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ሁለት ጊዜ ካጠኑት 81 ከመቶ፣ አንድ ጊዜ አጥንተው በቃላቸው ከጻፉት ደግሞ 75 ከመቶ አስታወሱ። ደጋግሞ ማንበብ ያሸነፈ ይመስላል፤ አይደል? ከሁለት ቀን በኋላ የተጠየቁት ግን ሁለት ጊዜ ከተነበበው 54 ከመቶ፣ በቃል ከተጻፈው 68 ከመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ 42 እና 56 ሆነ። እንግዲህ ደጋግሞ ማንበብ ለዛሬ ያሞቃል፤ ለሳምንት ግን አያደርስም። ሲያነቡት ደግሞ ይጣፍጣል። ዓይናችን ያወቀውን ሲያይ «ይህንንማ አውቀዋለሁ» እንላለን። የሚያታልለን ይኸው ነው። መጽሐፉን ዘግቶ ማስታወስ ግን ይጎመዝዛል፣ ያስጨንቃል፣ «አላውቅም ማለት ነው» ያሰኛል። እኔ ያየሁት ተማሪ ሁሉ የሚሸሸው ይህንኑ ጭንቀት ነው። የሚጠቅመው ግን እሱ ነው።

ስለ ራሴም እውነቱን ልናገር። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለፈተና የማጠናው በመጨረሻዋ ሌሊት ነበር። ቡና እየጠጣሁ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ እወጣዋለሁ። ፈተናውን አልፋለሁ። ከወር በኋላ ስለዚያው ትምህርት አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ርዕሱን እንጂ ሌላ አልናገርም። ፈተናው አለፈ፣ ትምህርቱም አብሮት አለፈ። ታዲያ እንዲህ ያለ ተማሪ ሄዶ ገበሬ ሲያስተምር ምን ዓይነት ትምህርት ያስተምር ኖሯል!

የሚገርመው፣ የቀድሞ መምህሮቻችን ያለ ሳይንስ ሙከራ ይህን ደርሰውበት ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ሀ ሁን ከቆጠረ በኋላ ወደ አቡጊዳ ይሻገራል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ከአንዱ ረድፍ ግዕዙን፣ ከሌላው ካዕቡን፣ ከሌላው ሣልሱን እየወሰደ የፊደሉ ተራ ይደበላለቃል። እኔ ልጅ ሳለሁ ይህ ቅጣት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው የዜማውን ምርኩዝ ከልጁ እጅ ለመንጠቅ ነው። ከዚያም የኔታ በስንደዶ አንዴ ላይኛውን አንዴ ታችኛውን እየነኩ «ማነው?» ይላሉ። ያ አባት ከ«ሀ» እየቆጠሩ «ሩ»ን ያገኙበት ዘዴ እዚያ አይሠራም። የቃል ትምህርትም የሚሰጠው ከመሸ በኋላ፣ መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ ነው። በቁርዓን ትምህርት ቤትም እንዲሁ ልጁ በእንጨት ሉሕ ላይ የተጻፈለትን ያጠናል፤ ከያዘው በኋላ ሉሑ ታጥቦ ሌላ ይጻፍበታል። ጽሑፉ ከታጠበ በኋላ ያለው መጽሐፍ የልጁ ራስ ብቻ ነው።

የእነዚህ ትምህርት ቤቶች አለንጋ ይቅርብን። ዘዴያቸውን ግን እንውሰድ። አንድ ገጽ ካነበባችሁ በኋላ መጽሐፉን ክደኑት። ያነበባችሁትን ለራሳችሁ ተናገሩት። ከጎን ሰው ካለ ለእሱ ተናገሩት፤ ሰው ከሌለ ለበሬውም ቢሆን ግድ የለም። ከዚያ መጽሐፉን ገልጣችሁ የተሳሳታችሁትን አስተካክሉ። ይህችኛዋ ነገር አትዘለል፤ ያልታረመ ስሕተት ደጋግመን ካወጣነው እንደ እውነት ሥር ይሰዳልና። ደብተር የሌለው ሰው በዱላው ጫፍ መሬት ላይ፣ በጣቱ አመድ ላይ መጻፍ ይችላል። አመዱን በእጅ ዳበስ ማድረግና እንደገና ሳያዩ መጻፍ ነው።

መቼ መቼ ነው የሚደገመው? ቡናችንን ተመልከቱ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን በመሐሉ ጨዋታ እያስገባን እንጠጣዋለን እንጂ ሦስቱን በአንድ ስኒ አንጨልጠውም። ጥናትም እንዲሁ ሲሆን ይጸናል። አንድን ነገር በአንድ ማታ ሃያ ጊዜ ከመድገም፣ ያንኑ በተለያዩ ቀናት አምስት ጊዜ ማስታወስ ይበልጣል። ትንሽ እስኪረሳ መጠበቁ ጉዳት አይደለም፤ ጥቂት ታግለን ስናወጣው ነው የሚተከለው። በእኔ ጣቢያ ሰዓትና ቀን መቁጠሪያ ያለው ሰው ስለ ጠፋ ነገሩን ከኑሮው ጋር አሰርነው። ማታ የተማሩትን በማግስቱ ከብት ሲያሰማሩ፤ ከዚያ ሦስት ቀን ቆይተው ውኃ ሲቀዱ ወይም እንጨት ሲለቅሙ፤ ከዚያ በገበያ ቀን መንገድ ላይ፤ ከዚያ በወሩ እድር በሚሰበሰቡበት ዕለት። እነዚህ ቀናት ሕግ አይደሉም፤ የሚመቻችሁን ያዙ። ዋናው እየራቀ መሄዱ ነው። ነገሩ እየጸና በሄደ ቁጥር የመጎብኛው ቀን ሊረዝም ይችላል።

የሚያዘውን ነገር ማሳነስም አንድ ዘዴ ነው። 33ቱን ፊደል በሰባት ብናባዛው 231 ይሆናል። ይህን ሁሉ ቅርጽ ለየብቻ እይዛለሁ ያለ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ግን እንጨት ለቃሚ አንድ በአንድ አይሸከምም፤ በገመድ አስሮ ነው። የፊደልም ገመድ አለው። «ሉ»ን፣ «ሙ»ን፣ «ሱ»ን፣ «ቡ»ን አስተያዩ። ካዕብ ወገቡ ላይ ወደ ቀኝ ጭረት ያወጣል። «ሊ፣ ሚ፣ ሲ፣ ቢ» ስትሉ ያች ጭረት ወደ እግሩ ወርዳለች። «ሌ፣ ሜ፣ ሴ፣ ቤ» ላይ እግሩ ቀለበት ያደርጋል። እንደ «ረ» እና «ፈ» ያሉ ከሕጉ የሚያፈነግጡ አሉ፤ ሳድስና ሳብዕም ጠባያቸው ይለዋወጣል። ቢሆንም ሕጉን የያዘ ሰው መሸምደድ የሚቀረው አፈንጋጮቹን ብቻ ነው። እኔ ይህን ለተማሪዎቼ ያሳየሁት በሁለተኛው ወር ላይ ነው። አንድ ገበሬ «ቀድሞ ብትነግረን ምን ነበረበት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

እንቅልፍም ከጥናት ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1924 በአሜሪካ ሁለት ተመራማሪዎች በሁለት ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ አጥንተው የተኙ ጊዜ የሚያስታውሱት፣ አጥንተው ያን ያህል ሰዓት ነቅተው ከዋሉ ጊዜ ይልቅ የሚበልጥ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ብዙ ጥናቶችም እንቅልፍ የተማርነውን እንደሚያጸናው አረጋግጠዋል። ስለዚህ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ አፍታ አስታውሳችሁ ተኙ። እንደ እኔ ቡና እየጠጡ ማንጋት አይበጅም።

ስለ መድኃኒት የሚጠይቁኝም ነበሩ። ትምህርት እንዲገባ አብሾ ማጠጣት በአገራችን የቆየ ነገር ነው፤ ከአስተናግር ተክል እንደሚዘጋጅ ይነገራል። አስተናግር መርዝ ነው። በውስጡ ካሉት ነገሮች አንዱ ስኮፖላሚን የሚባለው ሲሆን ማስታወስን የሚያደበዝዝ እንጂ የሚያጠራ አይደለም። ሰውን ያስቀባጥራል፣ ሲበዛም ይገድላል። ይህን ለልጃችሁ እንዳትሰጡ።

ወደ እኒያ እናት ልመለስ። ቤታቸው ድረስ ሄጄ የጀርመኑን ሰውዬ ታሪክ ነገርኳቸው። «ሊቅም ይረሳል?» ብለው ሳቁ። በማግስቱ ማታ ክፍል መጡ። የስማቸውን አምስት ፊደል እንደገና ለመያዝ አንድ ማታ ብቻ ፈጀባቸው። መጀመሪያ ሳምንት ፈጅቶባቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ እኔ አልጻፍኩላቸውም። ቡና ሲያፈሉ፣ ጀበናው እስኪወጣ ድረስ ምድጃው አጠገብ አመዱ ላይ በጣታቸው ይጽፋሉ። የልጅ ልጃቸው የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነውና አራሚው እሱ ነው። መጀመሪያ በልጅ መታረሙን አልወደዱትም፤ በኋላ ግን እሱ ሲዘነጋ ራሳቸው ጠርተው «ና እየኝ» ይሉት ጀመር። እየቆየ ከስማቸው አልፈው የላሞቹን ስም መጻፍ ጀመሩ። ይህን ያዘዝኳቸው እኔ አይደለሁም። ቀድሞ የሚያውቁትን ነገር ከአዲሱ ጋር ማያያዝ እንደሚጠቅም በመጽሐፍ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ዙር ማዳበሪያ ሲመጣ አብሬያቸው ሄድኩ። ሰልፉ ረዥም ነበር። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ፣ የቀለሙን ሣጥን ክዳን ከፍቶ ወደ እሳቸው አስጠጋው። ብዕር ጠየቁት። ሁለቱን ፊደል ጻፉ። ሦስተኛው ላይ ቆሙ። ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ። እኔ ፊደሉ አፌ ላይ ደርሷል፤ ግን ያዝኩት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣታቸው ቀሚሳቸው ላይ፣ አመድ ላይ እንደሚጽፉት ሁሉ፣ አንድ ጊዜ ሄደ። ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው ጻፉት፤ ቀጥለውም ሁለቱን ጨመሩ። አራተኛው ፊደል ትንሽ ተንጋዶ ነበር። ጸሐፊው አየና የቀለሙን ሣጥን መልሶ ዘጋው።